ባቡሩ የበላው በፍታ

ጋቪን ሜልድረም የሰዓት ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ሱቁን ወረሰ፤ ሰዓት መጠገኑ ግን አልሆነለትም። ሰው የቆመ ሰዓቱን ሰጥቶት ይሄድና ከወር በኋላ ሲመለስ ሰዓቱ ተፈታትቶ፣ ጥርሶቹ ለሌላ ነገር ውለው ያገኘዋል። ያን ጊዜ፣ በአሥራ ስምንት መቶ አርባዎቹ መጀመሪያ፣ እዚህ በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ ኤሌክትሪክ ማለት ገበያ ላይ ሰው ነዝሮ የሚያስቅ የትርዒት ዕቃ ነበር። ጋቪን ግን መተዳደሪያ አደረገው። የባቡር ኩባንያው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቴሌግራፍ ሲዘረጋ፣ መልእክት ሊመጣ ሲል የሚያቃጭለውን ደወል የሠራላቸው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ተረኛው ሠራተኛ የቴሌግራፉ መርፌ ተንቀሳቀሰች አልተንቀሳቀሰች እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥባት ይውል ነበር። ደወሉ ከገባ ወዲህ ቢያንስ ሻዩን ፊቱን አዙሮ መጠጣት ቻለ። ኩባንያው ደወሉን ወደደውና ደጋግሞ አዘዘ። ጋቪንና ታላቅ እህቱ ኤፊ የሚተዳደሩት በዚያ ገቢ ነበር።

ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የድንጋይ ከሰል የማይበላ፣ ጭስ የሌለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር መሥራት ይፈልግ ነበር። ለዚህ ሰፊ ቦታ አስፈለገው፤ በከተማችን በባልካሪ ሰፊ ቦታ የነበራቸው ደግሞ እትዬ ግሪዘል ላሞንት ናቸው።

እትዬ ግሪዘል በፍታ አንጪ ነበሩ። ሸማኔዎቹ የሸመኑትን ግራጫ በፍታ ተረክበው በአመድ ውሃ ይቀቅሉታል፣ በጣም በቀጠነ አሲድ ይነክሩታል፣ ከዚያ ከጅረቱ ዳር ባለው መስክ ሣር ላይ ዘርግተው ፀሐይና ውሃ እያፈራረቁ በረዶ እስኪመስል ያነጡታል። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ሥራውን ከእህታቸው ልጅ ከኢዞቤልና ከጥቂት ሴቶች ጋር ይዘውት ኖረዋል። የአሲዱን ልክ የሚያውቁት በምላሳቸው ነው። ጣታቸውን ነከር አድርገው ይቀምሱና "ገና ነው" ወይም "በቃ" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከራቸው የለም።

ከመስኩ ራስ ላይ አንድ አሮጌ ጎተራ ነበራቸው። እሱን ለጋቪን አከራዩት። ኪራዩ ለስሙ ያህል ነበር።

"ፈረሱን የት ልታስረው ነው?" አሉት፣ ጋሪውን መጀመሪያ ያዩት ዕለት።

"ፈረስ የለውም፣ እትዬ ግሪዘል።"

"እና ማን ሊጎትተው ነው? ኤፊ?"

"ኤሌክትሪክ ነዋ።"

"እንግዲያው ለኤሌክትሪክህ ድርቆሽ ከኔ እንዳትለምን።"

እንዲህ እየተባባሉ ነው የተግባቡት። ሲሠራ ውሎ ምሳ መብላቱን ሲረሳ የአጃ ቂጣ በአይብ ይዘውለት ይወጡና፣ በልቶ እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆመው ያዩት ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ጋቪን ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ቢሆንም "ይሄ ልጅ" ነበር የሚሉት።

ጋሪው ከጎተራው ወጥቶ በመስኩ ጠርዝ በሚሄድ አጭር ሐዲድ ላይ የቆመ፣ ባለ አራት ጎማ የእንጨት ጋሪ ነው። በጎማዎቹ ዘንግ ላይ ብረት ተደርድሯል፤ አጠገቡ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ማግኔቶች አሉ። ኤሌክትሪኩ ሲገባ ማግኔቱ ብረቱን ይስባል፣ ሲቋረጥ ይለቀዋል፤ በዚያ መሳብና መልቀቅ ጎማው ይዞራል። ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ባትሪ ደግሞ ቅጥራን የተቀባ የእንጨት ገንዳ ነው፤ አሲድ ይሞላበትና የዚንክና የብረት ሰሌዳ ይነከርበታል። አሲዱ ዚንኩን እየበላ ይሠራል። ሲደክም ይደፋና በአዲስ ይተካል።

ጣጣው መድፋቱ ላይ ነበር። እትዬ ግሪዘል ጎተራውን ሲሰጡት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ወደ ጅረቱ እንዳይመጣብኝ። ሌላው የራስህ ጉዳይ ነው" ብለውታል። ጋቪንም ቃሉን ጠብቆ ኖረ። የደከመውን አሲድ በበርሜል ሞልቶ፣ በእጅ ጋሪ እየገፋ በከተማው መሃል ያሳልፈውና ከዓለቱ ላይ ወደ ባሕር ይደፋዋል። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ወገቡን ጎድቶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ያላየው ሰው አልነበረም። ሕፃናት "የጋቪን ሾርባ መጣ" እያሉ ይሸሹለት ነበር።

ሰኔ ላይ የኩባንያው ሹማምንት ጋሪውን ለማየት ረቡዕ እንደሚመጡ ላኩበት። ለአምስት ዓመት የለመነው ነገር ነው። በዚያ ሳምንት ጋሪውን ሲያስኬድ፣ ሲያቆም፣ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ፤ ቅዳሜ ሲደርስ በርሜሎቹ ሁሉ በደከመ አሲድ ሞልተዋል፣ ለአዲሱ ማስቀመጫ የለም። እሁድ ዕለት የእጅ ጋሪ እየገፋ በከተማ መሃል ቢያልፍ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ያስቆሙታል። ሰኞ ሊያደርገው ይችል ነበር። ይህን በኋላ ራሱ ተናግሮታል፤ ሰኞ ቀን ነበረኝ፣ ግን ሰኞን ለማግኔቶቹ ፈልጌው ነበር ብሏል።

እሁድ ጠዋት ለኤፊ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመዝሙሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ወደ ጎተራው ወጣ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ጅረቱ ቀጥኗል። ጋቪን ዳር ላይ ቆሞ አየውና ከሚታየው የበለጠ ውሃ እንዳለው ለራሱ ነገረው። ከዚያ በርሜሎቹን አንድ በአንድ እያንከባለለ አውጥቶ ውታፋቸውን ነቀለ። አሲዱ በሣሩ ላይ ወርዶ ጅረቱ ውስጥ ገባ። ሲገባ ትንሽ ጨሰ፤ ከዚያ ምንም የተለየ ነገር አይታይም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በነበረው ጸሎት ከኤፊ ጎን ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ የነበሩት እትዬ ግሪዘል ዞር ብለው በሹክሹክታ "ራስህን ተሻለህ?" አሉት። "ተሽሎኛል" አላቸው።

ሰኞ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ከመስኩ ግርጌ፣ ውሃው በቦይ ገብቶ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ በእንጨት ማንቆርቆሪያ እየቀዱ የተዘረጋውን በፍታ ሲያጠጡ ዋሉ። ፀሐዩ ጠንካራ ስለነበር ጨርቁ ቶሎ ይደርቃል፣ መልሰው ያጠጡታል። ማክሰኞ ጠዋት ኢዞቤል አንዱን ጫፍ ይዛ ልታዞረው ስታነሣ ጫፉ እጇ ላይ ቀረ።

የመንደሩ ሸማኔዎች ተጠሩ። በብርዱ ወራት የሸመኑት ሁሉ እዚያ ሣር ላይ ነበር፤ የአንዷ ልጅ የሠርግ አንሶላ ሳይቀር። ታም ዳቲ የሚባለው፣ ከሁሉም ምላሰኛው ሸማኔ፣ የራሱን ጨርቅ አንሥቶ አውራ ጣቱን ገፋ ሲያደርገው ጣቱ በዚያኛው በኩል ወጣ።

"አሲዱን ማነው የቀላቀለው?" አለ።

"እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ሊቀላቅለው" አሉ እትዬ ግሪዘል።

"ከመጠን በላይ አድርገሽዋል።"

"ቀምሼዋለሁ፣ ታም።"

"እንግዲያው ምላስሽም አርጅቷል።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን እትዬ ግሪዘል መልስ አያጡም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጣታቸውን ብቻ አዩ። ጋቪንን የጠረጠረ አልነበረም። ያን ያህል ጊዜ በርሜል ሲገፋ ያዩትን ሰው ማን ይጠረጥራል።

ማታ ከእራት በፊት፣ ጋቪን ሱቁ ውስጥ ነሐስ ሲወለውል፣ እትዬ ግሪዘል አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። ኤፊ በጓሮ በኩል ድስት ታጥብ ነበር። አሮጊቷ ወንበር ሲሰጣቸው እንኳ አልተቀመጡም።

"አንተ አሲድ ታውቃለህ" አሉት። "እየው እስቲ። ይሄ የኔ እጅ ነው?"

ጋቪን ጨርቁን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ማየት አያስፈልገውም ነበር። ጀርባውን ሰጥቷቸው ለረጅም ጊዜ የሚመረምር መሰለ።

"አሲድ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል" አለ።

"እሱንማ አውቃለሁ። የኔ ነው ወይ ነው የምልህ። ቅዳሜ ስቀላቅለው ቀምሼው ነበር። ልክ ነበር የመሰለኝ። ግን እንጃ፤ ሰው ሲያረጅ ጣዕም መለየቱም አብሮ ያረጃል መሰለኝ። ታም በሰው ፊት የተናገረኝ ቢያመኝም እውነት ከሆነ ልወቀው።"

ጋቪን ያኔ ዞሮ ቢነግራቸው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። በማግስቱ ግን ሹማምንቱ ይመጣሉ።

"ሊሆን ይችላል፣ እትዬ ግሪዘል" አላቸው። "ሰው ነን፤ እጅ ይስታል።"

እትዬ ግሪዘል በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርቁን ተቀብለው አጥፈው ከሻላቸው ሥር አስገቡት።

"ደግ አደረግህ" አሉ። "ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖልኝ ይዋሸኝ ነበር።"

ከዚያ ወጡ። ጋቪን ነሐሱን መወልወል ቀጠለ፤ የወለወለውን ያንኑ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ወለወለው።

ረቡዕ ጠዋት ኤፊ የእሁድ ልብሱን ልትተኩስለት አወጣች። ቆይታ ሱሪውን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ገንፎው አጠገብ ዘረጋችው። ከጉልበቱ በታች ወንፊት ሆኗል።

"ይሄን የበላው ምንድን ነው?"

"አሲድ ነው። ሥራ ላይ ነው።"

"በእሁድ ሱሪህ ሥራ ትሠራለህ?"

ወደ ገንፎው አጎነበሰ። ኤፊ አንዱን ቀዳዳ በጣቷ ነካችው፤ ጠርዙ እንደ አመድ ፈረሰ። ትናንት ማታ ድስት ስታጥብ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። ፊቷ ሲለወጥ አየው፤ ሊናገር አፉን ከፈተ።

"አትንገረኝ" አለችው። "እሳቸው የጠየቁት እኔን አይደለም። አንተን ነው።" ሱሪውን ጠቀለለችው። "የአባባን ልበስ፤ ሳጥን ውስጥ አለ።" ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ገባች። ያን ቀን ወደ ጎተራው አልመጣችም።

ጋሪው ሄደ። ይህን ማንም አይክድም፤ ያዩት ሰዎች ዛሬም አሉ። ሦስቱ ሹማምንት ከነባርኔጣቸው ተቀመጡበት፣ ጋቪን ሽቦዎቹን አገናኘ፣ ጋሪውም ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ያለ ፈረስ፣ ያለ እንፋሎት፣ ሐዲዱን ይዞ ወረደና ተመለሰ። አፉን ከፍቶ ያላየ አልነበረም። አንዲት ሴት ከሥሩ የተደበቀ ሰው አለ ብላ ጎንበስ ብላ ፈለገች። የሹማምንቱ አለቃ አቶ አበርክሮምቢ ሲወርዱ የጋቪንን እጅ ይዘው ቶሎ አልለቀቁትም።

"የደከመው አሲድስ፣ አቶ ሜልድረም? የት ይሄዳል?"

"ወደ ባሕር፣ ጌታዬ። በበርሜል እወስደዋለሁ።"

አጠገባቸው የነበሩ የባልካሪ ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ መሰከሩለት። "ወገቡ እስኪቆረጥ ነው የሚገፋው" አለ አንዱ።

እትዬ ግሪዘል አልነበሩም። መስኩም ባዶ ነው፤ የተበላሸው በፍታ ተሰብስቦ ጥግ ላይ ተከምሯል። ጋቪን ጋሪው ሲሄድ አንድ ጊዜ ወደዚያ አይቶ ፊቱን አዞረ።

ምሳ በከተማው ማደሪያ ቤት ተዘጋጅቶ ነበር። የበግ ጥብስ መጣ፣ ውስኪ ተቀዳ፣ ለጋቪን ጤና ተጠጣ። ከሹማምንቱ አንዱ፣ ቀይ ፊት ያለው ወጣት፣ መስኩ ላይ ስለተከመረው ጨርቅ ጠየቀ። የማደሪያ ቤቱ ባለቤት ወጥ እየጨለፈ አጫወታቸው። "አንዲት አሮጊት ናት" አለ። "አሲዱን እንደ ወተት ገለበጠችው ነው የሚሉት። አሁንም ቀምሼዋለሁ ትላለች ደግሞ።"

"ወተት መስሏት ቀምሳው ይሆናላ" አለ ወጣቱ።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ጋቪንም ሳቀ።

በኋላ ለኤፊ ሲነግራት፣ መዋሸቴን ስዋሽ አውቀው ነበር፣ ሳቁ ግን ሳላውቀው ነው የወጣው ብሏታል። ድምፁን የሰማው ከሌላ ሰው አፍ እንደወጣ ሆኖ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ እውነተኛ ሳቅ። ሹካውን አስቀመጠ። አቶ አበርክሮምቢ ስለሚቀጥለው ሐዲድ ሲነግሩት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ አይሰማም። ከዚያ ተነሥቶ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ኮፍያውንም ሳይዝ ወጣ። አሞት ነው ብለው ተዉት።

የእትዬ ግሪዘል በር ክፍት ነበር። ኢዞቤል መሬት ላይ ተንበርክካ የመዳብ ድስቶቹን በገለባ ትጠቀልላለች። እትዬ ግሪዘል ሻላቸውን እንደተከናነቡ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመንገድ የገቡ ይመስላሉ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

"ሄደልህ አሉ" አሉት። "ሰማሁ። ልመጣ ነበር፤ የምዞርበት በር በዛብኝ።"

"የምን በር?"

"የሸማኔዎቹ ነዋ" አለች ኢዞቤል፣ ቀና ሳትል። "በየቤቱ ስትዞር ዋለች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር በሉኝ እያለች። ድስቱን ሸጣ ልትከፍል ነው። ከዚያ ደንዲ ከተማ ሄደን አብረን ልንኖር።"

ጋቪን እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ነገራቸው። አላስጌጠውም፣ አላሳጠረውም። እሁድን ነገራቸው፣ በርሜሎቹን ነገራቸው። ኢዞቤል ገለባውን እንደያዘች ቀረች።

እትዬ ግሪዘል ቀና ብለው አዩት። ከዚያ "እሁድ?" አሉ። "ራስህን አሞህ የነበረ ዕለት?"

"አላመመኝም ነበር።"

"ትናንትስ፤ ጨርቁን ይዤ ስመጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታውቅ ነበር" አሉ፣ ለራሳቸው። ቀኝ እጃቸውን ከሻላቸው ውስጥ አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ሌሊቱን ሙሉ ይሄን እጅ ስረግመው አደርኩ። ኢዞቤል ትመስክር። ስንት ዓመት ያበላኝን እጅ። አንተ ስላልከኝ ነው። ታም ቢለኝ ኖሮ አላምነውም ነበር።"

"እትዬ ግሪዘል፣ እኔ—"

"ተወው። ለኔ ተናግረሃል። እኔ ዛሬ አሥራ አንድ በር አንኳኩቻለሁ። አሁን አንተ ሂድና እነዚያኑ በሮች አንኳኳ።"

"አብረን እንሂድ?"

"እኔ አንዴ ሄጃለሁ" አሉት።

በሰኔ ቀኑ ቶሎ አይመሽም። ጋቪን በአባቱ ሱሪ፣ ያለ ኮፍያ፣ የሸማኔዎቹን መንደር ከጫፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋን በር የከፈተችው ልጇን ልትድር የነበረችው ሴት ናት። የተናገረውን ሁሉ አዳምጣ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አንተ እንዴት ያለህ ደግ ሰው ነህ" አለችው።

"ምን?"

"አሮጊቷን ለማዳን ብለህ ነው። በዛሬ ቀን፣ በክብርህ ቀን። እግዚአብሔር ይስጥህ። ግባ፣ ሾርባ አለ።"

ሁለተኛው በርም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ሸማኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ይበቃል፣ ልጄ፣ ገብቶናል" አለው። ጋቪን በማለ ቁጥር ይበልጥ ያከብሩታል። አንዷ ጎረቤቷን ጠርታ "ስሚው እስቲ" አለቻት። ወደ አራተኛው በር ሲሄድ ሰዎች ከኋላው ወጥተው ባርኔጣቸውን አነሡለት። ያን መንገድ ሲሄድ የተሰማው እፍረት ከዋሸበት ቀን እፍረት የባሰ ነበር፤ እውነቱን ይዞ እየዞረ እውነቱ ራሱ መልካም ስም ይሰጠው ነበር።

ታም ዳቲ በሩ ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ያጨስ ነበር። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

"ና፣ ቅዱሱ" አለው። "ደግሞ ለኔም ልትነግረኝ ነው?"

"ና ላሳይህ" አለ ጋቪን። እጅጌውን ይዞ ጎተተው። ታም መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ፊቱን ሲያየው ዝም ብሎ ተከተለው። ሌሎችም ተከተሉ። ጎተራው ጋ ሲደርሱ ጋቪን ከበሩ ጀምሮ እስከ ጅረቱ ድረስ በጣቱ አሳያቸው። ሣሩ ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ባለው መስመር ተቃጥሎ ገለባ መስሏል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ጠዋት ሰው ሁሉ ጋሪውን ሲያይ በዚያው ሣር ላይ ነበር የቆመው፤ ወደ እግሩ ያየ ግን አልነበረም። ታም ወርዶ ጅረቱ ዳር ጎንበስ አለ። ድንጋዮቹ መካከል ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተኝተዋል።

ማንም አልጮኸም። ታም ቀና ብሎ ጋቪንን አላየውም፤ ቁልቁል የእትዬ ግሪዘልን ቤት ነው ያየው። "ምላስሽ አርጅቷል አልኳት" አለ ቀስ ብሎ። "በሰው ፊት።" ፒፓውን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሌሎቹም እየተበተኑ ሄዱ። ግባ፣ ሾርባ አለ ያለችው ሴት በአጠገቡ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች።

ጋቪን ግን የቀሩትን በሮች ሁሉ አንኳኳ። አሁን የሚነገር ነገር ባይኖርም ነገራቸው። አንዳንዶቹ ሳይከፍቱ ሰሙት።

አቶ አበርክሮምቢ ነገሩን ሲሰሙ የተቆጡት በአሲዱ አይደለም። "የልብስ አጣቢዎች ጉዳይ ነው" አሉት። "እርስዎ ለምን ወጥተው አወሩት? ጸጥ ብለው ካሣ ቢሰጧቸው ያልቅ አልነበረም?" ዚንኩም ከድንጋይ ከሰል ጋር ሲተያይ ውድ ሆኖባቸው ነበርና ሐዲዱ ቀረ። ደወል ማዘዛቸውን ግን አላቋረጡም። ጋቪን ጋሪውን ራሱ ፈታው፤ መዳቡንና ማግኔቶቹን ሸጦ ለሸማኔዎቹ ሰጠ፣ የጎደለውን ከደወሉ ሥራ ሞላው። ጎተራውን ባዶ አድርጎ ጠርጎ ቁልፉን ለኢዞቤል አስረከበ።

እትዬ ግሪዘል ደንዲ አልሄዱም። ሸማኔዎቹ እየመጡ ለመኗቸው፤ ታም ዳቲ የመጀመሪያው ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያዞር ቆይቶ አንድም ቃል ሳይወጣው ጥቅል በፍታ አስቀምጦላቸው ሄደ። ሥራው ተመለሰ። ሆኖም አንድ ነገር አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አሲዱን ቀምሰው "በቃ" ብለው አያውቁም። ይቀምሱና ኢዞቤልን ይጠራሉ፤ "አንቺም ቅመሺው እስቲ" ይላሉ። ኢዞቤል "ልክ ነው፣ አክስቴ" ስትላቸው እንኳ ጨርቁን ከመንከራቸው በፊት ትንሽ ያመነታሉ። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ከተማው ሁሉ እያወቀ፣ ራሳቸውም እያወቁ። ጋቪን ይህን ከኢዞቤል ሰማ። ለጨርቁ የሚከፈል ነገር ነበረ፤ ለዚህ ምን እንደሚከፈል አላወቀም።

መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቆሙለት ነበር። "ደህና ነህ?" ይሉታል፤ "ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?" ይላቸዋል፤ ይተላለፋሉ። የአጃ ቂጣ ይዘውለት አልመጡም፣ "ይሄ ልጅ" ብለውትም አያውቁም፤ አቶ ሜልድረም ነበር የሚሉት። ቂም የያዙበት አይመስለኝም። እንደ ማንኛውም ሰው አደረጉት፣ እሱን የከበደው ያ ነው።

ሲሞቱ ሣጥኑን ከተሸከሙት ሰዎች መሃል አልነበረም። ኢዞቤል ጠይቃው ነበር። አልችልም አላት፣ ከኋላ ሆኖ ሄደ።

ጋቪን ስድሳን አልፎ ጠጉሩ ሲነጣ፣ ቴሌግራፉ ባሕር ተሻግሮ ሌላ አገር ከደረሰ በኋላ፣ ከኤዲንብራ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ሊጠይቁት መጡ። የሆነ ቦታ ሰዎች እንደገና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር መሞከር ጀምረዋል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ በባልካሪ አንድ ሰው ከሁሉም ቀድሞ ሠርቶት ነበር ሲባል ሰምተው ነው። ትሑት ልጆች ነበሩ፤ ጫማቸውን በሩ ላይ ጠርገው ገቡ። ኤፊ ሻይ አቀረበችላቸውና እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ክፍል ገብታ መስፋት ጀመረች።

"ለምን ተዉት፣ ጌታዬ?" አሉት። "ሄዶ ነበር እኮ አሉ።"

"ሄዶ ነበር" አላቸው። ከዚያ ስለ በፍታው ነገራቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው፤ እሁዱን፣ ማክሰኞ ማታን፣ በምሳው ላይ የሳቀውን ሳቅ፣ በየበሩ የተመረቀውን ምርቃት። አንዱ ልጅ ሻዩን ሲያማስል፣ ሌላው በአክብሮት አንገቱን ሲደፋ ሰሙት። ሲጨርስ ሁለቱ ተያዩ። ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሲመሽ አመስግነው፣ ደጋግመው እጅ ነሥተው ሄዱ። ኤፊ መርፌዋን ሰክታ ወጣችና ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

"ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

ጋቪን መስኮቱ ጋ ቆሞ ልጆቹ ወደ ጣቢያው ሲወርዱ ያያቸው ነበር።

"ስንት ማግኔት ነበር ብለው ጠየቁኝ" አላት።